ደኅንነትና ዘመዶቹ

ሰው ከሰው ጋራ በተገናኘ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋን ወይም ወሬን አይደለም፤ ደኅንነትን ነው። «እንዴት አደርህ? ደኅና ነህ ወይ?» ይላል፤ የተጠየቀውም «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ይህ ቃል በቀን ስንት ጊዜ ከአፋችን እንደሚወጣ ቢቈጠር፣ ከእንጀራና ከውሃ ስም ይበልጥ እንደ ሆነ ነው እንጂ አያንስም። ነገር ግን ብዙ እጅ የነካው ሳንቲም መልኩ እንደሚፋቅ፣ ብዙ አፍ የተናገረውም ቃል ትርጓሜው ይፋቃል። እኔ ብዙ ዘመን አማርኛ ሳስተምር ኖሬ፣ አሁን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጋዜጣውን፣ የስብከቱን ወረቀትና የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ዘና ብዬ ሳነብ፣ «ደኅንነት» የሚባለውን ቃል አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ሲጎትተው አየሁ። ቃሉም ከብዙ መጎተት የተነሣ ሊቀደድ ደርሶአል። ስለዚህ ገና ማንበብንና መጻፍን ለምትወዱት ለወጣቶች፣ ቃሉ ከወዴት እንደ መጣና ምን እንዳደረግነው ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ሥሩ ግእዝ ነው። በግእዝ «ድኅነ» ማለት ከጥፋት አመለጠ፣ ከደዌም ተፈወሰ ማለት ነው። አማርኛ ኅን ጣለና «ዳነ» አለው። ከዚሁ ሥር «መድኃኒት» ወጣ። መድኃኒት ዛሬ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ክኒን ሆኖ ይታየናል፤ በጥንት መጻሕፍት ግን አስቀድሞ የሚያድነው የእግዚአብሔር ስም ነው። «መድኃኔ ዓለም» ብሎ የሚማልደው ሰውና ወደ መድኃኒት ቤት ወረቀት ይዞ የሚሮጠው ሰው ሳያውቁት አንድ ቃል ይጠራሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙላቸውን የግእዝ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው እንዲህ ያሉትን ቤተ ሰቦች ከነልጅ ልጆቻቸው ያገኛቸዋል። በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢኖር ብዙ ክርክር ባሳጠረ ነበር።

በዚህ ነገር ብቻችንን አይደለንም። ሮማውያን «ሳሉስ» የሚሉት ቃል ጤናንም፣ ከአደጋ መጠበቅንም፣ መዳንንም ባንድነት ይይዛል። የግሪኩ ወንጌልም ደም ለዐሥራ ሁለት ዓመት ይፈስስባት የነበረችው ሴት የልብሱን ጫፍ ነክታ በተፈወሰች ጊዜ የሚናገርበት ግሥ፣ ለነፍስ መዳን ከሚናገርበት ግሥ ጋራ አንድ ነው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንጌልን በእንግሊዝኛም ያስነብቡን ስለ ነበረ፣ የእንግሊዝኛው ተርጓሚ በዚህ ስፍራ ተቸግሮ ከሁለት ቃል አንዱን ሲመርጥ አያለሁ፤ ወይ ተፈወሰች ይላል፣ ወይ ዳነች ይላል። አማርኛ ግን «ዳነች» ብሎ ዐረፈ። ለድኻ የምንቈጥረው ቋንቋችን በዚህ ስፍራ ከባለጸጋው ቋንቋ በለጠ።

እንግዲህ ደኅና ማለት የተመቸው ማለት ሳይሆን ያመለጠ ማለት ነው። «ደኅና ገባ» ስንል፣ መንገድ ነበረ፣ በመንገዱም ወንዝና ሽፍታ፣ ዛሬ ደግሞ የመኪና መገልበጥ ነበረ ማለታችን ነው። «በደኅና ተገላገለች» ስንል ምጥ ነበረ። «ደኅና አደርህ ወይ?» ስንልም ሌሊት ነበረ። ምስጋናው ከመልሱ ጋራ ተጣብቆ የሚወጣው በከንቱ አይደለም፤ ያመለጠ ሰው ያስመለጠውን ማመስገን ይገባዋልና። ከዚህም በቀር ቃሉ ትሑት ነው። «ወጡ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ደኅና ነው» ቢል፣ ባለሙያይቱ ብዙ አትኵራራም፣ አትቀየምምም፤ ይበላል ማለት ነው። «ደኅና ገንዘብ» ሀብት አይደለም፤ ግን ጉዳይ ይፈጽማል። (እርግጥ «ደኅና አድርጎ ገረፈው» የሚልም አነጋገር አለ፤ ይህንኛውን የኔ ዘመን ተማሪዎች ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከጀርባቸው ተምረውታል።)

ይህን ይዘን ወደ ጤና ጥበቃ ሰዎች ጽሑፍ እንመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት ሕገ ደንብ ሐምሌ 15 ቀን 1938 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ተፈርሞ፣ መጋቢት 29 ቀን 1940 ዓ.ም. ጸና። በመግቢያውም ጤናን ሲተረጕም፣ በሽታ አለመኖር ብቻ እንዳይደለ ተናግሮ፣ ሰው በአካሉም በአእምሮውም ከሰው ጋራ ባለው ኑሮም ፍጹም መልካም ሆኖ መገኘቱ ነው ይላል። ጦርነቱ ካለቀ ገና አንድ ዓመት ነበረ፤ ዓለም በአመድ ላይ ተቀምጦ ትልቅ ነገር መመኘቱ አያስነቅፈውም። የኛ መማሪያ መጻሕፍት ግን ይህን ሲተረጕሙ ብዙ ጊዜ «የተሟላ ደኅንነት» ይላሉ። ተማሪውም ይህን በቃሉ አጥንቶ ለፈተና ይጽፈዋል። እኔን የሚከብደኝ ሁለቱ ቃላት አብረው መቀመጣቸው ነው። ደኅና የሚለው ቃል በባሕርዩ «ይበቃል፣ ተመስገን» የሚል ቃል ነውና፣ «የተሟላ» የሚለውን ዘውድ ብንደፋበት ይወድቅበታል። አንድ እግሩን በጦር ሜዳ ያጣ ሽማግሌ ከጥላ ሥር ተቀምጦ «ደኅና ነኝ» ሲል ይዋሻልን? በሕገ ደንቡ ቃል ከሄድን ይዋሻል፤ በአማርኛው ግን እውነቱን ተናገረ። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ይህን ሳያዩት አልቀሩም፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 የሆላንዷ ሐኪም ማክቴልድ ሁበር ከባልደረቦችዋ ጋራ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፋ፣ ፍጹም የሚለው ቃል ዕድሜ ልካቸውን ከበሽታ ጋራ የሚኖሩትን ሁሉ ከጤና ደጅ እንደሚያስወጣ አስረዳች፤ በዚህም ፈንታ ሰው የሚገጥመውን ነገር ችሎ ራሱን ማስተዳደሩን ጤና ብንለው ይሻላል አለች። ይህ ሐሳብ ከሽማግሌው «ደኅና ነኝ» ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው ጎታች መንግሥት ነው። ይህን ለመናገር ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በደርግ ዘመን «ደኅንነት» የመሥሪያ ቤት ስም ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ ስሙ ከዚህ ወደዚያ ቢለዋወጥም ቃሉ ከዚያው ቤት አልወጣም። ዛሬ በሻይ ቤት አንዱ ወጣት ለሌላው «ያ ሰውዬ ደኅንነት ነው» ቢለው፣ ወሬው ወዲያው ይቋረጣል፣ ብርጭቆም ሳይጨረስ ይቀራል። አገር ጠባቂ አያስፈልጋትም የምል አይደለሁም፤ ዘበኛ የሌለው ቤት ምን እንደሚሆን ዕድሜዬ አሳይቶኛል። ነገር ግን ዘበኛው ቤቱ አይደለም። ያመለጠ ሰው የሚመሰገንበት ቃል ሰው የሚያመልጡት ስም ሲሆን፣ በቋንቋው ላይ የደረሰውን ጉዳት ማን ይክሰዋል? «ጸጥታ»፣ «ጥበቃ»፣ «መረጃ» የሚሉ ቃላት ሞልተው ሳሉ ይህን መውሰድ አላስፈለገም ነበር።

ሦስተኛው ጎታች በኔው ወገን ነው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፈውም። እኛ በሚሲዮን ያደግን ሰዎች የነፍስን መዳን «ደኅንነት» እንለው ነበር፤ «ደኅንነት አገኘሁ» ያለ ሰው አምኛለሁ ማለቱ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን «ድኅነት» ይባላል። በኋላም የኛዎቹ ቃሉን አሳጥረው «ድነት» አሉት፤ ምናልባትም ፊደሉን ፈርተው ይሆናል፤ ፊደሉ ያስፈራልና። «ድኅነት» ከዳነ ወገን ነው፤ «ድኽነት» ከደኸየ ወገን ነው። ዛሬ ግን ጸሓፊው ሁሉ ሃሌታውን ሀ ብቻ ስለሚያውቅ ሁለቱንም «ድህነት» ብሎ ይጽፋቸዋል። በአንድ የጉባኤ ወረቀት ላይ «ድህነት ለሰው ሁሉ ተዘጋጅቶአል» የሚል አንብቤ፣ ይህስ ሳይሰበክም ደርሶናል አልሁ። ፊደል ምንድር ነው፣ ድምፁ አንድ ከሆነ ይበቃል የምትሉ ወጣቶች ይህችን አንዲት መስመር አስቡልኝ።

ከፊደሉ ይልቅ ግን የከፋው ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ሰባኪዎች የዳነ ሰው ምልክቱ ገንዘብ ነው፣ መኪና ነው፣ በሽታም ወደ እርሱ አይቀርብም ማለት ጀምረዋል። ይህንንም «ብልጽግና» ይሉታል። ብልጽግና የሚለው ቃል «ባለጸጋ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ጸጋም ማለት ያለ ዋጋ የተሰጠ ስጦታ ማለት ነው። የተሰጠው ሰው በተቀበለው ነገር ሌላውን ሊንቅበት አይገባም። ከፊታቸው የተቀመጠችው መበለት ልጅዋ ታሞባት ሳለ «እምነትሽ ስላነሰ ነው» ቢሉአት፣ ሁለት ጊዜ ይዘርፉአታል፤ አንድ ጊዜ ብርዋን፣ ሁለተኛም «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» የምትልበትን አንደበት።

አሁን ወደ ዘመዶቹ ቃላት እንሂድ። ከነዚህ «ድሎት»፣ «ምቾት» እና «ደስታ» ዋናዎቹ ናቸው። ሰዎች እነዚህን ከደኅንነት ጋራ አንድ አድርገው ሲናገሩ እሰማለሁ፤ የኑሮ ዘዴ እናስተምራለን የሚሉት መጻሕፍት በተለይ ይህን ያዘወትራሉ። ቋንቋው ራሱ ግን ለያይቶአቸዋል፤ እንዴት ቢሉ ግሡን ተመልከቱ። «ደላኝ» እንላለን፤ «ተመቸኝ» እንላለን፤ «ደስ አለኝ» እንላለን። በሦስቱም ባለቤቱ እኔ አይደለሁም። ሌላ ነገር አለና ደላኝ፣ ወንበሩ ተመቸኝ፣ ወሬው ደስ አለኝ። እኔ ተቀባይ ነኝ፤ ወንበሩ ሲነሣ ምቾቱም አብሮ ይነሣል። «ደኅና ነኝ» ሲባል ግን ባለቤቱ እኔ ነኝ። ይህን ልዩነት ሰዋስው ያስተማሩን አባቶች ባይጽፉትም፣ ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ። ድሎት ደግሞ ጥቂት የነቀፋ ሽታ አለው፤ «የደላው ሙቅ ያኝካል» የሚባለው የማይታኘከውን እስኪያኝክ ድረስ ሥራ የፈታውን ሰው ለመዝለፍ ነው። በሕመም ላይ ያለ ሰው ሊመቸው ይችላል፤ በእስር ቤትም የደላው ሰው አይታጣም። ደኅና ግን አይደሉም።

የግሪኩ ታሪክ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ የተረከው ታሪክ ለዚህ ይስማማል። የልድያ ንጉሥ ክሮይሶስ የአቴናውን ጠቢብ ሶሎንን ግምጃ ቤቱን ሁሉ አስጐብኝቶ ሲያበቃ፣ ካየሃቸው ሰዎች ሁሉ ብፁዕ ማን ነው ብሎ ጠየቀው፤ አንተ ነህ እንዲለው ጓጉቶ ነበር። ሶሎን ግን ቴሎስ የሚባል ስሙ ያልገነነ የአቴና ሰው ጠራለት። ይህም ሰው ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በሕይወት ሳሉ አይቶ፣ ለከተማው ሲዋጋ የሞተ ነው። ንጉሡ ተቈጣ። በኋላ የፋርሱ ቂሮስ መንግሥቱን በወሰደበት ጊዜ ነው የሶሎን ነገር የገባው ይላል ሄሮዶቱስ። ነገሩ በእውነት ተደርጎ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ለኛ ግን ንጉሡ የጠየቀው ስለ ድሎት፣ ጠቢቡ የመለሰው ስለ ሌላ ነገር መሆኑን ማየት ይበቃናል።

«ጤና» የሚለው ቃል በግእዝ «ጥዒና» ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። «ይህ ሰው ጤነኛ አይደለም» ብንል፣ ሰሚው ሆዱን አሞታል ወይስ ራሱን አይልም፤ አእምሮው እንደ ተነካ ይረዳል። ስለዚህ የአእምሮ ጤና የሚባለው ነገር ከውጭ አገር ዛሬ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ቋንቋችን ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ የረሳነው እኛ ነን።

ዛሬ ደኅንነትን በቍጥር መለካት ተጀምሮአል። ሐድሊ ካንትሪል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በፈረንጆች በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ መሰላል አሰበ። የታችኛው እርከን 0፣ የላይኛው 10 ነው፤ 10 ላንተ ሊሆን የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ኑሮ ነው፤ አሁን በየትኛው ላይ ቆመሃል? ተብሎ ይጠየቃል። ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት አገሮችን በተራ የሚያቆማቸው በዚሁ መሰላል ነው፤ ፊንላንድም ከ2018 አንሥቶ ለብዙ ዓመታት አንደኛ ሆናለች። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። ገንዘብን ብቻ ከመቍጠር ይሻላል፤ መንግሥታትንም አንዳንድ ጊዜ ያሳፍራቸዋል፣ ማፈራቸውም መልካም ነው።

ነገር ግን ይህን ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሼ ለአንዲት ጎረቤቴ፣ በዕድሜ ለገፉ እናት፣ አቀረብሁላቸው። ጥቂት አሰቡና «መምህር፣ መሰላሉን ማን ይዞልኝ ነው የምወጣው?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም። ደግሜ ብጠይቃቸው፣ የታመመ ወንድማቸውን፣ የተዳረች ልጃቸውን፣ ሥራ ያጣ የልጅ ልጃቸውን አንድ በአንድ ቈጥረው «እንግዲህ አምስት በለው» አሉ። የራሳቸውን ጉልበት፣ በመቋሚያ የሚሄዱበትን፣ በሒሳቡ ውስጥ አላገቡትም። ጥያቄው «አንተ» ይላል፤ መልሱ ግን በ«እኛ» መጣ። ሰላምታችንም እንዲሁ ነው፤ «አንተ ደኅና ነህ?» ብሎ አያቆምም፤ ልጆቹ ደኅና፣ ሚስትህ ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ አገሩ ደኅና እያለ ይሄዳል። ለከተማ ሰው ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። እኔ ግን የመለኪያ ዓይነት ነው እላለሁ፤ ባለ መሰላሉም ሊቅ ቢሰማው ባልናቀው ነበር።

እስካሁን ሌሎች ቃሉን እንዴት እንደ ጎተቱት ጻፍሁ። አሁን ግን እኛ ራሳችን በየቀኑ የምናደርስበትን ጉዳት ልናገር፤ ይኸውም ቃሉን መደበቂያ ማድረጋችን ነው። በገጠር ሳስተምር ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ልጆች በከተማ ትንሽ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤታቸው በያዙት ስንቅ እየኖሩ ይማሩ ነበር። ከነርሱ አንዱ አንድ ጧት ፊቱ ገርጥቶ አየሁትና «ደኅና ነህ ወይ?» አልሁት። «ደኅና ነኝ ጋሼ» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ግን ጥቂት ተቁነጥንጦ «ጋሼ፣ ስንቁ ካለቀ ሦስት ቀኑ ነው» አለ። የመጀመሪያው ልጅ በጓደኛው ተቈጣ፤ ከዕንባ ጋራ ተቈጣ። ውሸታም ነው አልልም፤ ይሉኝታ ነው። እናቱ «ችግርህን ለሰው አታሳይ» ብላ አሳድጋዋለች፤ እርስዋንም እናትዋ እንዲሁ አሳድጋታለች። ዳሩ ግን ደኅንነቱን የመሰከረለት ራሱ ሳይሆን ባልንጀራው ነበር፤ የበላውም ስለዚህ ነው።

ይህ ይሉኝታ ዛሬ ባሕር ተሻግሮአል። በሪያድ፣ በኩዌት፣ በዱባይ በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችሁ ስልክ ሲደውሉ የሚሉት «ደኅና ነኝ እማዬ፣ አታስቢ» ነው። ከነርሱም በእውነት ደኅና የሆነች አለች፤ ደመወዝዋን ተከልክላ፣ ፓስፖርትዋ ተወስዶባት፣ በሩ ተቈልፎባት ይህንኑ ቃል የምትናገርም አለች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት ጊዜ ደግሞ፣ በትግራይ የስልኩ መስመር ተቋርጦ፣ «ደኅና ናችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ለብዙ ወር የተከለከለበት ሰው በመካከላችን አለ። እንዲህ ላለው ሰው ቃሉ ልማድ አይደለም፤ መስመሩ በተከፈተ ቀን «አለን» የሚለውን ድምፅ ሰምቶ መሬት የሳመ ሰው አውቃለሁ።

በሰፈሬ ያለች አንዲት እናት ልጅዋ ከኩዌት በምትደውልበት ጊዜ ሁሉ አጠያየቅዋ ሌላ ነው። «ደኅና ነሽ ወይ?» ብላ አትጀምርም፤ መልሱን አስቀድማ ታውቀዋለችና። «ትናንት ማታ በስንት ሰዓት ተኛሽ? ዛሬ ምን በላሽ? የመኝታሽ በር ከውስጥ ይቈለፋል ወይ? ባለፈው ወር የላክሽልኝ የስንት ቀን ሥራ ነው?» ትላለች። ልጅቱ እየሣቀች፣ አንዳንዴም እየተነጫነጨች፣ አንድ በአንድ ትመልሳለች። መልሱ ሁሉ ከተሰማ በኋላ እናቲቱ ራስዋ «እንግዲያስ ደኅና ነሽ፣ ተመስገን» ትላለች፤ መልሱ ካላማራት ግን ይህን ቃል አትናገርም፣ በበነጋው ደግሞ ታስደውላታለች። ከዚያ በኋላ ተራው የልጅቱ ይሆንና የጎረቤቱን ሁሉ ስም እየጠራች፣ ላሚቱ ወልዳ እንደ ሆነ ሳይቀር፣ ትጠይቃለች። ብዙውን ጊዜ ካርዱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።